የሮማ ቀላል እግረኞችና አለቆቻቸው

ፖሊቢዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ ሮማ ሠራዊት የጻፈውን የሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል፤ ይኸውም «ቬሊቴስ» የተባሉትን ቀላል እግረኞች በጦር ሜዳ ያዝዝ የነበረው ማን ነው? የሚል ነው።

አንድ ሌጌዎን 4,200 እግረኛ ሲኖረው፥ 1,200ው በዕድሜ ታናናሾችና በሀብት ድኾች የሆኑት ቬሊቴስ ነበሩ። የከባዱ እግረኛ ሦስት መደቦች እያንዳንዳቸው በ10 ክፍል ተከፍለው በየክፍሉ ሁለት የመቶ አለቆች ይሾሙላቸው ነበር። ቬሊቴስ ግን የራሳቸው የመቶ አለቃ ስላልነበራቸው፥ አርባ አርባ እየሆኑ በ30ው ክፍሎች ይደለደሉ ነበር። ስለዚህ በአስተዳደር ረገድ ለከባዱ እግረኛ አለቆች ተገዢዎች ናቸው፤ ውጊያ ሲጀመር ግን ከእነዚሁ አለቆች ቀድመው ወደ ፊት ይወጣሉ።

ታዲያ ሥርዓት የለሽ ጭፍራ ነበሩን? አልነበሩም። ፖሊቢዮስ እንደሚለው፥ አንዳንዶቹ በራስ ቁራቸው ላይ የተኩላ ቆዳ የሚደርቡት ለመከላከያ ብቻ ሳይሆን፥ አለቆች ለይተው ጀግንነታቸውን እንዲመዝኑ ጭምር ነው። እንደዚሁም በ202 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በዛማ፥ የካርታጎ ዝሆኖች ቢገፏቸው በክፍሎቹ መካከል በተተወው መንገድ ወደ ኋላ እንዲመለሱ ስኪፒዮ አስቀድሞ አዟቸው ነበር።

እንግዲህ ቬሊቴስን የሚገዛው ከጎናቸው የቆመ ሹም ሳይሆን፥ አስቀድሞ የተሰጠ ትእዛዝና ከኋላ የሚመለከት የአለቃ ዐይን ነበር ለማለት ይቻላል።