በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ የኦቨርክሎኪንግ ወሰንና መረጋጋት

ፕሮሰሰርን አምራቹ ከመደበለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። ይህ መጣጥፍ በአምቦና በአካባቢዋ የዚህን ልማድ ወሰን የሚያጠብቡት ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የቦታው አየርና የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ መሆናቸውን ያስረዳል።

የሙቀቱ ምንጭ

ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን 10 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁ 5 በመቶ ከተጨመረ ሙቀቱ 21 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሸክሙ የሚያርፈው 12 ቮልቱን ወደ 1.2 ቮልት አካባቢ በሚያወርደው የማዘርቦርዱ ክፍል ላይ ነው፤ 150 ዋት ለሚፈጅ ፕሮሰሰር 125 አምፔር ማቅረብ አለበት። በርካሽ ቦርዶች ላይ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሂትሲንክ የለውም። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜም ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ያጥራል።

ከፍታ

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ የአየር ግፊቱ ከ101 ወደ 79 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሚወርድ፣ ፋኑ በተለመደው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል። በባሕር ወለል በሂትሲንኩና በክፍሉ አየር መካከል 30 ዲግሪ የነበረው ልዩነት አምቦ ላይ ከ34 እስከ 37 ዲግሪ እንደሚሆን በስሌት ይገመታል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የአየር ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ ለአምቦ 4 ዲግሪ ይሆናል። ዝቅ ብላ በምትገኘው ባኮ አየሩ ወፈር ይላል፤ ክፍሉ ግን ይበልጥ ይሞቃል። በክረምት ሌሊት የመረጋጋት ፈተና ያለፈ ቅንብር በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ሊከሽፍ የሚችለውም በክፍል ሙቀት ልዩነት ነው።

ኤሌክትሪክ

በ50 ሄርትዝ መስመር አንድ ዑደት 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የተለመደ ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ ሳለ መብራት ሲቋረጥ የሚታገሠው 16 ወይም 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ኦቨርክሎኪንግ ማሽኑን ወደ ሙሉ ጭነት ስለሚያስጠጋው ይህ ትዕግሥት ያጥራል። ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን ያርማል እንጂ መቋረጥን አይሸፍንም። በመሆኑም መቋረጡን በባትሪ የሚሸፍን ዩፒኤስ ሳይኖር የተደረገ የመረጋጋት ፈተና ማሽኑ በመስመሩ ይሁን በቅንብሩ እንደወደቀ መለየት አይችልም።

የፋብሪካ ቅንብር

ተጠቃሚው ምንም ባይነካም ቦርዱ የፕሮሰሰሩ አምራች ያወጣውን የኃይል ገደብ ሊያልፍ ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ለደረሰው ጉዳት ኩባንያው ከጠቀሳቸው መንስኤዎች አንዱ ማዘርቦርዶች ከኢንቴል መመሪያ በላይ ኃይል መስጠታቸው ነበር።

ማጠቃለያ

ስለዚህ በባዮስ ውስጥ አስቀድሞ የአምራቹን የኃይል ገደብ መመለስ፣ የፋኑንና የሂትሲንኩን አቧራ መጥረግ፣ ከዚያም በዩፒኤስ ላይ፣ በሞቃቱ ሰዓት፣ ፕራይም95ና ሜምቴስት86 በተባሉ የመፈተኛ ፕሮግራሞች መፈተን ያሻል። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ፍጥነቱ ይቀነስ። በ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ቮልቴጅ ከመጨመር ይልቅ በፈተና እያረጋገጡ መቀነስ ይበልጥ ያዋጣል።