አንድ ደንበኛ ብቻ የነበራቸው ግንበኞች

የጎንደርን ግንብ ማን ሠራው? ቢሉን አብዛኞቻችን ሳናስብ «ፋሲል!» እንላለን። ልክ ነው፣ ያሠራው ፋሲል ነው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቦካውስ ማነው? ወጋችን ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። ዛሬ ደባርቅና ዳባት ላይ ትንሽ የኮንስትራክሽን ድርጅት ይዘው ለሚፍጨረጨሩ እኩዮቻችንም የሚለው ነገር አለውና ታገሡን። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከስሜን ነው። ቤተ እስራኤላውያን በስሜንና በወገራ፣ ማለትም ዛሬ ደባርቅና ዳባት ባሉበት ምድርና በዙሪያው ይኖሩ ነበር፤ የራሳቸው መሪዎችም ነበሯቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ሱስንዮስ ሲሸነፉ ብዙዎቹ ርስታቸውን አጡ። ርስት የሌለው ሰው በምን ይኖራል? በእጁ! ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ አናጢ፣ ግንበኛ ሆኑ። ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁር ትልቁ ሥራ መጣ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኩሪን እንደጻፈው በቤተ መንግሥቱ ዘመን በግንባታው ተሳትፈዋል፤ አንዳንድ አለቆቻቸውም መሬትና እንደ በጅሮንድ ያለ ማዕረግ አግኝተዋል። በዛሬ አነጋገር ደረጃ አንድ ተቋራጭ ሆነው ነበር ማለት ነው።

ችግሩ ደንበኛቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ንጉሡ። በ1769 ዘመነ መሳፍንት ገብቶ ቤተ መንግሥቱ ሲደኸይ ግንባታው ቆመ፤ መሬቱና ማዕረጉም ተከትሎ ሄደ። ባለሙያዎቹ ወደ ማረሻና ገንቦ ሥራ ተመለሱ፤ «ቡዳ» የሚለው ስድብ ደግሞ ሌላውን በር ዘጋባቸው። እጃቸው ያው እጅ ነበር፤ ከግቢው ውጭ የሚያውቃቸው አሠሪ ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 ከገባበት የአደጋ መዝገብም በ2017 ወጣ። እፎይ ሳይባል በ2020 ኮሮና መጣ፤ በ2021 ጦርነቱ ዳባት ዙሪያ ደረሰ። ቱሪስት ሲቀር ሎጅና ሆቴል የሚያስገነባውም ይቀራል። ከአካባቢዋ ጨረታና ከአንድ ሁለት ባለሆቴል በቀር ማንም የማያውቃት ድርጅት ያኔ ምን ይዋጣት?

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጥናት ሥራቸውን በሰው በኩል ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ወሬውን ዘወትር ከሚያገኙት ወዳጅ የሰሙት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው የሰሙት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን። እድሩ ለኀዘን፣ ማኅበሩ ለጸበል ጸዲቁ ይሁንልን፤ የሩቅ ሥራ ወሬ ግን ከሩቅ ሰው ነው።

በ2003 ለሕዝብ የተከፈተው ሊንክድኢን የሩቅ ሰው ገበያ ነው። የደባርቅ ልጅ የሠራውን ግድግዳ ሲጀመርና ሲያልቅ ፎቶ አንስቶ ይለጥፍ፤ የረካ ደንበኛውን ምስክርነት ያስጽፍ። ከጎንደር መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ አርክቴክት፣ ባሕር ማዶ ሆኖ ለወላጆቹ ቤት ማሠራት ከሚፈልግ የአገር ልጅ ጋር ይተዋወቅ። ይህ ለንጉሥ ግንበኞች ያልተገኘ ዕድል ነው።

ግን ሊንክድኢንም ራሱ «ንጉሥ» እንዳይሆንብን! ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ የተዋወቁትን ሰው ስልክ በደብተር መጻፍ፣ ጎንደር ሲወርዱም ቢሮው ጎራ ብሎ እጅ መንሳት ነው።

አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። እኛም ከአንድ ንጉሥ አሥር ደንበኛ እንላለን። ቸር ይግጠመን!