አንድ የጀጎል ቤት

ባሕር ማዶ የሚኖሩ ወራሾች የአያቶቻቸውን የቤት ውል እንድተረጉምላቸው ሰጡኝ። ወረቀቱ በቃዲ ፊት በዐረብኛ የተጻፈ ነው። የቤት ቁጥር የለውም፤ ቤቱ የሚታወቀው በአራቱም አቅጣጫ በሚያዋስኑት ጎረቤቶች ስም ነው። ሥራው በቃላት ብቻ የማይገፋ ቢሆንብኝ ሐረር ወረድሁ።

በአንድ የውጭ በር የሚገባባቸው ሦስት ቤቶች በአንድ ግቢ ቆመዋል። ሐረሪዎች እንዲህ ያለውን ቤት «ጌ ጋር» ይሉታል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር፣ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት ነደባዎች አሉት። «ነደባ»ን በ«መደብ» ተረጎምሁት፤ ግን አልረካሁም። በእኛ መደብ ላይ የደከመው ሁሉ ያርፍበታል፤ ነደባ ግን የማን ክብር ከማን እንደሚበልጥ ሳይናገሩ ይናገራል። በጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ኪርታት ናት፤ ሙሽሮች የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፉባት። ነደባው የሚቀባው ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይላሉ ሽማግሌዎች።

የቤተሰቡ መበተን የጀመረው ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የቁሉብ እንቅስቃሴ ሲታፈን ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ሌሎች ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱ። ቀጥሎ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከሦስቱ አንዱ ለቤተሰቡ ቀረ፤ ሁለቱን ቀበሌ አከራየ። ተከራዮቹ ነደባውን በኮምፔንሳቶ ከፍለው ሁለት ሦስት ክፍል አወጡበት። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች ያሳደጉበት ቤት ነው።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ምዝገባው ግን የባለቤትነትን ጥያቄ አልነካም። ወራሾቹ ወረቀቱ ሁለቱን ቤቶች ያስመልስልን እንደሆን ጠየቁኝ። በአዋጁ የተወረሰ ትርፍ ቤት በአሮጌ ውል አይመለስም፤ ይህንኑ ነገርኋቸው፤ ዝም አሉ።

የቀረውን ቤት የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ናቸው። ውሉን እንዳነብላቸው ለመኑኝ። የጎረቤቶቹን ስም በየተራ ስጠራ በጣታቸው ወደ ግድግዳው፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያው ያመለክቱ ጀመር። የምዕራቡን ስም ስጠራ ግን እጃቸውን አላነሡም።

«እሱማ የእናቴ አያት ነው፤ እስቲ ድገመው» አሉኝ።