«ማራዘም» እና «ማደስ»፦ ከጅቡቲ የባቡር ውል እስከ ሊዝ አፓርታማ

«ኪራይ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። በአማርኛ ብቻም አልቀረም፤ በሱማሌኛ «ኪሮ» ሆኖ ይነገራል። በጅቡቲ ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ የሱማሌኛ ተናጋሪ ስለ አንድ ክፍል ወርኀዊ ዋጋ ሲነጋገሩ፣ ሁለቱም የሚጠቀሙበት ቃል ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተይዞ ኋላ ለባለቤቱ ስለሚመለስ ቦታ ሲሆን ግን ቃላቸው ይለያያል። ጅቡቲ «ኮንሴሲዮን»ን ከፈረንሳይኛ፣ ኢትዮጵያ «ሊዝ»ን ከእንግሊዝኛ ወሰዱ። በአማርኛ የይዞታ ቃላት መካከል «ርስት» ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ መብት ስለ ነበር የማብቂያ ቀን አልነበረውም፤ የማብቂያ ቀን የሌለው መብት ደግሞ የማራዘሚያ ቃል አያስፈልገውም።

በጅቡቲና በኢትዮጵያ ታሪክ የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ውል ስሙን ያገነነው በባቡሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) የባቡር ሐዲድ የመዘርጋትን መብት ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመታት ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ ተነሣ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በዚያ ግን ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) የሆነው ነገር ለቃላችን ታሪክ ፍሬ ነገሩ ነው። የቀድሞው ውል ዕድሜ አልተረዘመም። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሌላ ውል ተፈረመ፤ ዘመኑም እንደገና ከአንድ ተቆጠረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በዚህ በሁለተኛው ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1959) በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተደረገ ስምምነት የባለቤትነቱ ድርሻ እንደገና ተከፋፈለ። ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላም በ1981 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ የሁለቱ መንግሥታት ሆነ። ከምኒልክ ፊርማ ቢቆጠር 99 ዓመቱ የሚሞላው በ1985 ዓ.ም. ነበር፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 በ1986 ዓ.ም. መውጣቱ ግጥምጥሞሽ እንጂ ሌላ አይደለም።

ባቡሩ ለአማርኛ «ለገሃር»ን አወረሰ። «ኮንሴሲዮን» ግን ከጽሕፈት ቤት አልፎ ወደ ሕዝብ አፍ አልገባም። ምክንያቱ አይሰወርም፤ ጣቢያውን ሁሉም ያየዋል፣ ውሉን ግን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው።

በጅቡቲ ከተማ ውስጥ የቦታ ይዞታ ሁለት መልክ ያዘ። በአንድ ወገን፣ ቦታ በጊዜያዊነት ተሰጥቶ የታዘዘው ግንባታ ሲፈጸም የሚጸናው ይዞታ አለ፤ መጨረሻው በመዝገብ የጸና የባለቤትነት ሰነድ ነው። በሌላ ወገን፣ በቁጥር በሚጠሩት ሰፈሮች «ጊዜያዊ የመያዣ ፈቃድ» የሚባለው ወረቀት አለ፤ ባለቤትነትን አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጡት የመሬት ሕጎችም ባለሰነድ ያልሆነውን መሬት የመንግሥት አድርገው አስቀጠሉት። እዚህ ላይ «ጊዜያዊ» የሚለው ቅጽል ትርጉሙን ለቀቀ ማለት ይቻላል። አባት በጊዜያዊ ፈቃድ በያዘው ቦታ ላይ ልጁ ጎጆ ሲወጣ ቃሉ የሚለካው ጊዜን ሳይሆን የመብትን ልክ ነው። በሰፈሮቹ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤት መብዛቱ ከድህነት ጋር ብቻ የሚያያዝ አይመስልም፤ ነገ ሊነሣ በሚችል ቦታ ላይ ድንጋይ የሚከምር ጥቂት ነው።

በሐዲዱ ሌላኛው ጫፍ፣ በአዲስ አበባ፣ ነገሩ በተቃራኒው ተነሣ። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ሊዝ ሲመጣ፣ ቃሉ ከነ ዓመቱ ቁጥር መጣ። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ወሰነ፤ ለንግድ በአዲስ አበባ 60። ባለይዞታዎች ዘመኑ «ይራዘማል» ሲሉ ይሰማሉ፤ የአዋጁ ግሥ ግን «መታደስ» ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የተራዘመ ነገር ያው የነበረው ነው፤ የታደሰ ግን አዲስ ነው። አዋጁም እንደ ግሡ ሄዷል፤ ዘመኑ የሚታደሰው በወቅቱ በሚኖረው የሊዝ መነሻ ዋጋ ነው፤ የአያት ዋጋ ለልጅ ልጅ አይተርፍም። አመልካቹ በጽሑፍ የሚጠይቀው ዘመኑ ከማብቃቱ በፊት ከዐሥር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ካልታደሰ ንብረቱን በአንድ ዓመት ውስጥ አንሥቶ ቦታውን ይመልሳል።

«አንሥቶ» የሚለው ቃል የተጻፈው አጥር ያለውን ግቢ እያሰበ ይመስላል። በሦስተኛ ፎቅ ያለ አፓርታማ አይነሣም፤ ከሥሩ ያለው መሬት የሕንጻው ነዋሪዎች ሁሉ ስለ ሆነ ጥያቄውንም አንድ ሰው ብቻውን ሊያቀርበው ያስቸግራል። በ1986 ዓ.ም. ለ99 ዓመት የተሰጠ የመኖሪያ ቦታ ቢኖር የማመልከቻው በር የሚከፈተው በ2075 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቃሉ በመኖሪያ ቤት ላይ በሥራ አይፈተንም።