ራሱ ሠሪ፣ ራሱ ተቆጣጣሪ

ሎስ አንጀለስ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ሆሊውድ ነው፤ ዘመድ ያለን ደግሞ ሊትል ኢትዮጵያ። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ግን ውሃ ነው። ያመጣላት አየርላንድ ተወልዶ ምህንድስናን ኮሌጅ ሳይገባ በሥራ ላይ የተማረው ዊሊያም መልሆላንድ ነበር። በ1913 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቦይ ውሃ አስገባላት። ከዚያ ወዲያ በውሃ ነገር ቃሉ ሕግ ሆነ።

ይህን የምንለው ለማሳመር አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1917 ግድቦችን የሚቆጣጠር ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ግን የራሳቸው የምህንድስና ክፍል ያላቸውን ከተሞች ነፃ አደረገ። ወገኛ ሕግ! ሎስ አንጀለስ መሐንዲስ ስላላት ማንም አይጠይቃት፤ መሐንዲሷ ደግሞ መልሆላንድ ነው።

የቅዱስ ፍራንሲስ ግድብ በዚህ መንገድ ከ1924 እስከ 1926 ተሠራ። ግንባታው ሳያልቅ ቁመቱ ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 6 ሜትር ያህል ተጨመረበት፤ ግርጌው ግን በዚያው ልክ አልሰፋም። ከውጭ መጥቶ «ለምን?» የሚል አካል አልነበረም።

መጋቢት 12 ቀን 1928 ጠዋት የግድቡ ጠባቂ የደፈረሰ ውሃ ሲያፈስ አይቶ ደወለ። መልሆላንድ ከረዳቱ ጋር መጣ፣ ዞሮ አየ፣ «ምንም አይልም» ብሎ ተመለሰ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ግድቡ ተደረመሰ። 47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ሸለቆውን ጠርጎ ንጋት ላይ ፓስፊክ ውቅያኖስ ደረሰ። ከ430 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ በእርሻ ሥራ የሚተዳደሩ ሜክሲኳውያን ነበሩ። የደወለው ጠባቂም ከነልጁ ተወሰደ፤ አስከሬኑ አልተገኘም።

አደጋውን የመረመረው ጉባኤ በማንም ላይ የወንጀል ክስ አላቀረበም፤ መልሆላንድም ሌላ ሰው እንዳይወቀስ ጥፋቱን ራሱ ወሰደ። ጉባኤው ግን ሰውየው የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ትልቅ ግድብ ለአንድ ሰው ውሳኔ መተው የለበትም አለ። የድንጋዩ ነገር ለመሐንዲሶች ሲያከራክር ኖሯል። ለእኛ ከዚያ ሁሉ የሚከብደው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

በ1929 ቀዳዳው ተደፈነ። የከተሞቹ ነፃነት ቀረ፤ ከፌዴራል መንግሥቱ ግድቦች በስተቀር አዲሱም ነባሩም በክልሉ መንግሥት ቁጥጥር ሥር ገባ።

ከነባሮቹ አንዱ እዚያው ሆሊውድ፣ ከከተማው በላይ የቆመ የቅዱስ ፍራንሲስ መንታ ነበር። የውሃው ከፍታ እንዲቀንስ ተደረገ፤ በ1930ዎቹም ፊቱ ላይ አፈር ተቆልሎ ዛፍ ተተከለበት። ዛሬም አለ፤ ስሙም የመልሆላንድ ግድብ ነው።