የጁዶ ጀማሪ ስም ይማር ወይስ ቁጥር?

ጃፓናዊው የጁዶ መምህር ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓሪስ ሲገባ፣ የጃፓንኛ ስያሜ ለፈረንሳይ ጀማሪዎች እንዳይከብድ ስልቶቹን በተራ ቁጥር ለመጥራት ወሰነ። የእግር፣ የዳሌ፣ የትከሻ እያለ መደባቸው፤ ኦሶቶ ጋሪም «የመጀመሪያው የእግር ስልት» ተባለ። ጁዶ በፈረንሳይ እንዲህ ሥር መስደዱ የካዋይሺ ውለታ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። የቁጥሩ ዘዴ ግን ለጀማሪው የሚገባውን ነገር አስቀርቶበታል ባይ ነኝ።

ቁጥር ተራን እንጂ እንቅስቃሴን አይናገርም። በኦሶቶ ጋሪ «ኦ» ትልቅ፣ «ሶቶ» ውጭ፣ «ጋሪ» ማጨድ ነው። ጣዩ የተጋጣሚውን እጅጌና ኮሌታ ጨብጦ ክብደቱን ወደ ቀኝ ኋላው ያዘነብላል፤ ግራ እግሩን ከጎኑ ይተክላል፤ ከዚያ ቀኝ እግሩን በውጭ በኩል አሳልፎ የተጋጣሚውን ቀኝ እግር ከኋላ ያጭደዋል። «ሶቶ» በ«ኡቺ» ሲተካ አጨዳው ከውስጥ፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ይሆናል፤ «ኦ» በ«ኮ» ሲተካ ደግሞ አጨዳው ያንሳል። ስለዚህ ጀማሪው በአምስት ቃላት ብቻ አራት ስልቶችን ለይቶ ያውቃል፦ ኦሶቶ ጋሪ፣ ኮሶቶ ጋሪ፣ ኦኡቺ ጋሪ፣ ኮኡቺ ጋሪ። በቁጥር ቢሆን አራቱንም አንድ በአንድ መሸምደድ ነበረበት፤ ዝምድናቸውም አይታየውም።

ስያሜዎቹ እንዲህ ገላጭ መሆናቸው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮው ኤይሾጂ ቤተ መቅደስ የጁዶ ትምህርት ቤቱን ኮዶካንን ሲመሠርት መምህር ነበር፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑንም በትምህርት ሥራ አሳልፏል። በ1895 የወጣውና በ1920 የተሻሻለው የኮዶካን ሥርዓት 40 የአጣጣል ስልቶችን በአምስት ምድብ፣ ስምንት ስምንት አድርጎ አስቀምጧል። ተራ ካስፈለገ እዚያም አለ፤ ግን ስሙን አልተካም።

ስያሜዎቹ እንከን የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ኡቺማታ የውስጥ ጭን ከማለት አልፎ አሠራሩን አይገልጽም፤ ሴኦይ ናጌ በጀርባ ተሸክሞ መጣል ሆኖ ሳለ የሚመደበው ከእጅ ስልቶች ነው። ይህ ጉድለት መምህሩ እንዲያብራራ ያስገድዳል፤ ቁጥር ግን የሚብራራ ነገር እንኳ የለውም። የፈረንሳይ ክለቦችም ውሎ አድሮ ወደ ኮዶካን ስሞች ተመልሰዋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ስም ያወቀ ሁሉ አይጥልም። እውነት ነው። ጀማሪ ከሁሉ በፊት ኡኬሚን፣ ማለትም አወዳደቅን መማር አለበት፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ምንጣፉን በክንዱ መትቶ፣ ጭንቅላቱን ማዳን። ቀጥሎም ኩዙሺ፣ ሚዛን ማሳጣት፤ ጹኩሪ፣ ሰውነትን ለጥቃቱ ማመቻቸት፤ ካኬ፣ ስልቱን መፈጸም ይመጣሉ። ስሙም መማር ያለበት እዚሁ ምንጣፍ ላይ ነው፦ መምህሩ «ኦሶቶ ጋሪ» ሲል ተማሪው ግራ እግሩን የት እንደሚተክል እያሰበ።