እንዶድና የወንዝ ዳር አጣቢዎች

ከመካከላችን እንዶድን የማያውቅ ማነው? ሳሙና ሳይገባ በፊት የአያቶቻችን ነጠላ የነጣው በሱ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ በሽታውን የሚያሸጋግረው ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙት። ሴቶቹ እንዶድን ከእናቶቻቸው ተምረዋል፤ ቀንድ አውጣውን ከበሽታው ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚያውቁት ደግሞ ዶክተሩ ናቸው። ሁለቱ ዕውቀቶች ባይገናኙማ ምን ግኝት ይኖር ነበር?

የቀረው የብዙ ሰው ልፋት ነው። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተክሉን አለማም አጠኑ፤ ኃይለኛውንም ዓይነት መርጠው ለዩ። እዚያው አድዋ ከ1969 እስከ 1974 ወንዙ በእንዶድ ሲታከም ቆየና፣ ከትናንሽ ልጆች መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

አጣቢዎቹ ግን በታሪኩ ውስጥ «ሴቶች» ተብለው ብቻ ቀሩ። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች እዚህ ላይ ድርሻ አለን። ለጥናት ገጠር ስንወርድ፣ የነገረንን ሰው ስም ከነመንደሩ እንጻፍ እንጂ!